ዕቃ ዕቃ እየተጫወቱ ጨዋነትን ማስተማር፦ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ልጅ ላላቸው ወላጆች

እንግዳ በር ላይ ቆሟል። እናት የልጇን ክንድ ይዛ «ሰላም በይ እንጂ! ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች። ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ከእናቷ ጀርባ ትሸሸጋለች። እንግዳው «ተያት፣ ልጅ አይደለች» ይላል፤ እናት ግን አፍራለች፤ እንግዳው ሲወጣ የሚከተለው ቁጣ ነው። ልጅቷ በዚያች ደቂቃ ሰላምታ አልተማረችም። የተማረችው እንግዳ ሲመጣ እናቷ እንደምትቆጣ ነው።

በአፀደ ሕፃናት ከትንንሽ ልጆች ጋር ስሠራም፣ ቤቴ ውስጥ ሁለት ልጆች ሳሳድግም ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው፦ ጨዋነት የሚለመደው እንግዳ ፊት አይደለም። የሚለመደው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት፣ ማንም በማያፍርበትና ማንም በማይቆጣበት ሰዓት ነው። ለዚያ ደግሞ ከዕቃ ዕቃ ጨዋታ የሚበልጥ ቦታ አላገኘሁም። ቆርኪውን ሲኒ፣ ጭቃውን ወጥ፣ ቅጠሉን እንጀራ አድርገን ያደግን ሰዎች ነን፤ ጨዋታው አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር የዛሬ ልጆች፣ በተለይ በኮንዶሚኒየም የሚያድጉት፣ ጨዋታውን የሚያወርሷቸው ታላላቅ የሠፈር ልጆች ማጣታቸው ነው። ስለዚህ ማስጀመሩ የእኛ ሥራ ሆኗል።

የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934) ስለ ልጆች ጨዋታ ሲናገር ሁልጊዜ የማስታውሰው አንድ ምሳሌ አንሥቷል። የ5 እና የ7 ዓመት እህትማማቾች አንድ ቀን «እስቲ እህትማማች ሆነን እንጫወት» ተባባሉ። እህትማማች እኮ ናቸው! ነገር ግን በዕለት ኑሯቸው እህት መሆን ምን እንደሚጠይቅ አስበውት አያውቁም፤ ጨዋታው ውስጥ ሲገቡ ግን እህት ለእህቷ ምን ታደርጋለች የሚለውን ማሰብና መፈጸም ግድ ሆነባቸው። ዕቃ ዕቃም እንዲሁ ነው። እንግዳ ተቀባይ የሆነች ልጅ እንግዳ ተቀባይ ምን ያደርጋል ብላ ራሷን ትጠይቃለች፤ መልሱንም ራሷ ትፈጽመዋለች።

ስለ ዕድሜ ጥቂት ልበል። አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ያለ ልጅ ባዶ ሲኒ አንሥቶ «ይጠጣል»። ሁለት ዓመት ሲያልፈው ለአሻንጉሊቱ ያጠጣል። ሦስት ዓመት ላይ «እኔ እናት ልሁን» ማለት ይጀምራል። አራት ዓመት አካባቢ ሌላው ሰው የሚያስበው እርሱ ከሚያስበው ሊለይ እንደሚችል እየገባው ይመጣል፤ ሌላውን ማስቀደም ትርጉም የሚሰጠውም ያን ጊዜ ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ሦስት ደቂቃ ጨዋታና አንዲት «እንካ» ካገኛችሁ በቂ ነው።

አንደኛ፦ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ሁላችንም ልጃችን በአንድ ጊዜ ሰላምታውንም፣ ምስጋናውንም፣ ተራ መጠበቁንም እንዲያውቅ እንፈልጋለን። አይሆንም። ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ ተመልከቱት፤ የት ላይ እንደሚቸገር ታያላችሁ። ከዚያ ያያችሁትን በድርጊት አስቀምጡት። «ሥርዓት የለውም» ብሎ መጀመር የትም አያደርስም፤ ይህ ስድብ እንጂ ችግሩን የሚያሳይ አነጋገር አይደለም። «ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ መሀል ይገባል» ወይም «ዳቦ ሲሰጠው ነጥቆ ይሄዳል» ካላችሁ ግን የምትጫወቱት ነገር አገኛችሁ። በዚያ አንድ ነገር ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ቆዩ።

ሁለተኛ፦ ዕቃውን አዘጋጁ

አንድ ካርቶን ይበቃል። ውስጡ የማይሰበሩ ትንንሽ ኩባያዎች፣ ትሪ፣ ጀበና የሚሆን ባዶ ጣሳ (ከሸክላ የተሠራች ትንሽዬ ጀበና ከገበያ ብታገኙ እሰየው)፣ ማንቆርቆሪያና ሳፋ፣ ፎጣ፣ አሮጌ ነጠላ፣ የማይሠራ ስልክ፣ አንድ ሁለት አሻንጉሊት ይኑሩ። ከዘራ ግን አይቅርባችሁ፤ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ በፕላስተር ብታስሩት ከዘራ ይሆናል። ልጅ ከዘራ ሲይዝ ወገቡን ያጎብጣል፣ ድምፁን ያወፍራል፣ እርምጃውን ያዘገያል። ማንም ሳይነግረው አባባ ሆነ ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለበት ቆርኪ፣ ዶቃ፣ ቆሎና ጥሬ ቡና ከካርቶኑ ይውጡ፤ ጉሮሮ ውስጥ ይቀረቀራሉ። እሳትና ፍም በጨዋታው ውስጥ ፈጽሞ አይግቡ። ቀይ ወረቀት ጥሩ ፍም ነው።

ሦስተኛ፦ እናንተ እንግዳ፣ ልጁ ባለቤት

ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጨዋታውን ይጀምሩና አስተማሪ ሆነው ይቀመጣሉ፤ «አሁን እንዲህ በይ፣ አሁን አመሰግናለሁ በይ።» ልጅቷ ወዲያውኑ ጨዋታው ጨዋታ እንዳልሆነ ይገባታል። መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ ማን ልሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። ድመት ሁኚ ካለቻችሁ ድመት ሁኑ። ተራችሁ ሲደርስ ከክፍሉ ወጥታችሁ በሩን አንኳኩ፦

— ቤቶች!
— ማነው?
— እኔ ነኝ፣ የላይኛው ቤት ጎረቤታችሁ። እንዴት ዋላችሁ?
— ደህና። ግቢ።

እዚህ ላይ ምላስን የሚበላ ነገር አለ። «ግቢ አይባልም፣ ይግቡ ነው የሚባለው!» ማለት ያምረናል። አትበሉ። ነጠላውን ወደ ግንባራችሁ ሳብ አድርጉና፣ እዚያው ጎረቤቷ ሆናችሁ፣ «ውይ የኔ ልጅ፣ ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው፤ አርጅቻለሁ እኮ!» በሉ። ልጅቷ ቀና ብላ ታያችኋለች። ብዙ ጊዜ እዚያው «ይግቡ እማማ» ይመጣል። ካልመጣ ነገ ይመጣል። ዋናው ነገር ማረሚያው ከጨዋታው ውስጥ መውጣቱ ነው፤ እናቷ ሆናችሁ ሳይሆን እንግዳዋ ሆናችሁ አርሙ።

ስለ «ይግቡ» አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በአማርኛ አክብሮት ያለው ግሡ ውስጥ ነው፤ ና፣ ነይ፣ ይምጡ። ብላ፣ ብዪ፣ ይብሉ። ታዲያ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «ና»ንና «ብላ»ን ነው። እርሱን «ይብሉ» የሚለው ሰው የለም። ያልተባለውን ቃል ከየት አምጥቶ ይናገር? መድኃኒቱ ከዘራው ነው። ልጁ አባባ ሲሆን «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ። ከፍ ይበሉ፣ እዚህ ይሻልዎታል» በሉት። እርስዎ ሲባል ምን እንደሚሰማ በገዛ ጆሮው ይቀምሰው። አንድ የአራት ዓመት ልጅ «ይቀመጡ» ስለው ደረቱን ነፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ወንበሩን በእጁ ዳስሶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛ አያቱን «ይቀመጡ» ማለት የጀመረው።

«ኖር» የሚለውንም አምጡት። ትልቅ ሰው ሲገባ ሁሉም ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፣ የገባው ሰው «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል። በከተማ እየጠፋ ነው፤ ልጆች ግን ይወዱታል፤ መነሣት አለው፣ መልስም አለው።

አራተኛ፦ እጅ ማስታጠብ

ጨዋታ ውስጥ እውነተኛ ነገር ከሚገባባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ለብ ያለ ውኃ በማንቆርቆሪያው ጥቂት አድርጉ። አንዱ ያፍስስ፣ ሌላው ፎጣ ይዞ ይቁም። ውኃ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ የሰውየውን እጅ እያዩ መጠበቅ፣ ሲበቃው ማቆም ሌላውን ማስተዋል ነው፤ ጨዋነት የምንለውም መሠረቱ ይኸው ነው። መሬቱ መርጠቡ አይቀርም፤ አሮጌ ጨርቅ ቀድማችሁ አንጥፉ።

ከዚያ «ማን ይቀድማል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ይከራከሩ። ክፍሌ ውስጥ አንዲት ልጅ ትልቁን ድብ ትታ ከሕፃኗ አሻንጉሊት ጀመረች፤ «እያለቀሰች ነው፣ ርቧታል» አለች። ሌሎቹ «ትልቅ ሰው ነው የሚቀድመው!» ብለው ጮኹ። እኔ ድቡን ይዤ፣ በወፍራም ድምፅ፣ «ለሕፃኗ ፈቅጃለሁ፣ እርሷ ትቅደም» አልኩ። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ታላቅን ማስቀደምም፣ ታላቁ ለደካማ መልቀቁም በአንድ ጊዜ ታያቸው። ብዘጋጅበት ኖሮ እንዲያ አይሆንም ነበር።

ገበታው ላይ ብዙ አልቆይም። ከፊት ለፊት መብላት፣ አፍ ሞልቶ አለመናገር፣ ለሚገባ ሰው «እንብላ» ማለት፤ እነዚህ በጨዋታው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገሙ ይያዛሉ። ጉርሻ ሲጫወቱ ግን «አሻንጉሊቷ በቃኝ ያለች ይመስልሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጅ የሌላውን ፊት ማንበብ ይለማመድ። እርሱም አልፈልግም የሚልበትን ጨዋ ቃል ይወቅ፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።» እምቢ ማለት የማይችል ልጅ ጨዋ ነው ብዬ አላምንም፤ የፈራ ልጅ ነው።

አምስተኛ፦ «ቡና ጠጡ»

ለጨዋነት ትምህርት ከቡናችን የተሻለ ትዕይንት የለም፤ ከሁሉ የምወደው ደግሞ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ያለውን ነው፤ ጎረቤት መጥራቱን። ልጅ ተልኮ ሄዶ የሰው ቤት በር ላይ የሚናገራት ያች አጭር መልእክት ምን ያህል ነገር እንደያዘች አስቡት። ማንኳኳት አለበት። መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ መልእክቱ፣ ከዚያ መልሱን ሰምቶ ሳያዛቡ ይዞ መመለስ።

እንዲህ አጫውቱ። አባት ወይም ታላቅ እህት መኝታ ቤት ገብቶ ጎረቤት ይሁን። እናንተ ሳሎን ጀበናውን ጥዳችሁ ልጁን ላኩት፦ «ለእማማ ቡና ጠጡ ብለህ ና።» በመጀመሪያው ቀን ልጁ ሮጦ ሄዶ ሳያንኳኳ ገብቶ «ቡና!» ብሎ ጮኾ ይመለሳል። ምንም አይደለም። «ጎረቤቷ» ይደንግጥ፤ «ውይ! ማነው? ልቤን!» ይበል። በሚቀጥለው ልጁ ያንኳኳል። ከዚያ ጎረቤቷ ጥያቄ ትጨምር፦ «እማዬ ደህና ናት? ቶሎ ልምጣ ወይስ ልቆይ?» አሁን ልጁ መልስ ይዞ መመለስ አለበት። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህንን ደጋግሞ ከተጫወተ በኋላ እውነተኛው ጎረቤት ዘንድ ስትልኩት (እናንተ በር ላይ ቆማችሁ እያያችሁት) የሚናገረው ነገር አፉ ላይ ዝግጁ ነው።

ቡናው ሲቀዳ ትሪውን በሁለት እጁ ይያዝ፤ ሲኒውን የሚቀበለውም በሁለት እጁ ይቀበል። ወንዱም ሴቷም ይቅዱ። በእኔ ክፍል ማስታጠብና ቡና ማቅረብ የሴት ልጆች ብቻ እንዲሆን ፈቅጄ አላውቅም፤ ማስተናገድ የሁለቱም ክብር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስከ መጨረሻው የሚደርሱት አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ ትንንሾቹ አቦል ላይ ቢነሡ ተዉአቸው።

በረካው ላይ ከዘራውን የያዘው ይመርቅ። ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ከዘራዋን ወለሉ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ጥርሳችሁን አይመማችሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ አትጡ» ብላ መርቃናለች። «አሜን» አልን፤ ከልባችን ነው ያልነው።

ስድስተኛ፦ ባለጌው እንግዳ

አሁን ሚናው ይገለበጥ። እናንተ ሳታንኳኩ ግቡ፣ ዳቦውን ሳትጠይቁ አንሡ፣ ወንበሩ ላይ ተጋደሙ። ልጆች በሣቅ ይፈርሳሉ፤ ከዚያ ያርሟችኋል፦ «እንደገና ውጪ! በሩን አንኳኪ!» ደንቡን የሚጠብቀው እርሱ ሲሆን ደንቡ የእርሱ ይሆናል።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። በአንድ ጊዜ አንድ ጥፋት ብቻ አጥፉ፤ ሁሉንም ካደባለቃችሁ ጨዋታው ረብሻ ይሆናል። እንግዳው ሁልጊዜ ወጥቶ፣ በሥርዓት ተመልሶ ይግባ፤ ልጁ መጨረሻ ላይ የሚያየው ጥሩውን ይሁን። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ልጁ ዛሬ ጠዋት ያጠፋውን ጥፋት አታስመስሉ። ያውቀዋል፤ ሊጫወት መጥቶ መሳቂያ እንደሆነ ይሰማዋል። ያ ጥፋት ሳምንት ይቆይ።

ሰባተኛ፦ ሽምግልና

«ይቅርታ በል!» ተብሎ የተባለ ይቅርታ ከአፍ አያልፍም። ሁለት አሻንጉሊቶች ይጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ኳስ ወስዷል። ልጁ ነጠላ ለብሶ ሽማግሌ ይሁን። በወጉ ሁለቱንም ተራ በተራ ይስማ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ። «አንተ ምን አደረግህ? አንቺስ ምን ተሰማሽ? ምን ቢደረግ ይበጃል?» ልጆች የሚያመጡት ካሳ ያስገርማል፤ አንዱ ሽማግሌ ኳሱን የወሰደው አሻንጉሊት «ሦስት ቀን ከኋላ ይሰለፍ» ብሎ ፈርዷል። ከዚያ ታርቀው ይሳሳሙ። ይህንን የተጫወተ ልጅ ከእህቱ ጋር ሲጣላ «ሽማግሌ ይምጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እውነተኛው ጠብ በጋለበት ሰዓት ግን ጨዋታ አታምጡ፤ መጀመሪያ ይብረድ።

ጨዋታው ስለ እናንተ የሚናገረው

አንድ ቀን ወጥ እየሠራሁ ልጄ ከበስተኋላዬ አሻንጉሊቷን ግድግዳ አስደግፋ፣ ጣቷን ቀስራ፣ «ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ? ሰው ፊት አታሳፍሪኝ!» ስትል ሰማኋት። ድምፁ የእኔ ነበር፤ «ስንት» ላይ የማጠብቀው እንኳን አልቀረም። ማማሰያውን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። አልቆጣኋትም፣ ምንም አላልኩም። በሚቀጥሉት ቀናት ግን በገዛ አፌ ላይ ሠራሁ፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አሻንጉሊቷ በሌላ ድምፅ ትመከር ጀመር። ልጃችሁ እናት ወይም አባት ሆኖ ሲጫወት አድምጡት። «እባክሽ» ካላለ፣ ምናልባት ቤት ውስጥ ማንም አይልም ይሆናል።

ስምንተኛ፦ ወደ እውነተኛው እንግዳ

እንግዳ ሊመጣ ሲል በዚያው ቀን ያንኑ ነገር አጫውቱ። አክስቷ ልትመጣ ከሆነ «እስቲ አክስትሽ ሆኜ ልምጣ» በሉ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። እንግዳዋ ስትገባ አትጎትቷት፤ «እንደ ጨዋታችን» ብላችሁ በጆሮዋ ሹክ በሏት፤ ወይም ፎጣውን በእጇ ስጧት። ዓይን አፋር ልጅ ብዙ ጊዜ ቃል ከማውጣቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ይቀልለዋል። ጎንበስ ብላ እጅ ከነሣች ያ ሰላምታ ነው፤ ተቀበሉላት። ካልሆነላትም እናንተው ሰላም ብላችሁ እለፉ፣ ማታ «አክስትሽ ስትገባ አሻንጉሊቷ ምን ሆና ነበር?» ብላችሁ እንደገና ተጫወቱ። በከረሜላ አትግዙት። «ጎሽ፣ እማማ ተደሰቱ፣ አየሻቸው?» የሚለው ይበልጣል፤ ዓይኗን ከራሷ ወደ ሰውየዋ ይመልሰዋልና።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በሌላ አገር ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁ የማይሠራውን ስልክ አትርሱ። ልጁ የአገር ቤት አያቱን የሚያውቃቸው በስክሪን ነው፤ «አንተ» ይላቸዋል፣ ዘመድ ይሥቃል፣ ልጁ ምን እንደተሣቀበት አይገባውም። ከመደወላችሁ በፊት እናንተ አያት ሁኑና በአሮጌው ስልክ ደውሉለት። ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ፦ «እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት? ናፍቀውኛል።» ሦስቱን በሚገባ ካለ፣ አያቱ በምርቃት ያንበሸብሹታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አራተኛውን ራሱ ይጠይቃችኋል።

ጨዋታው ሲያልቅ ዕቃው ይታጠብ። ይህም ጨዋታ ነው፤ እንግዶቹ ሄደዋል፣ ቤቱ ይስተካከል። አንዱ ኩባያዎቹን ያለቅልቅ፣ አንዱ ያድርቅ፣ ከዘራው በቁሙ ይግባ፣ ነጠላው ይታጠፍ። ካርቶኑን ልጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ አኑሩት፤ ነገ እናንተ ሥራ ላይ ሳላችሁ ብቻውን አውጥቶት ታገኙታላችሁ።